እናትን ለመጦር በቀን አንድ ሰዓት፦ የኮሪያ ሴት ልጆች ጉዳይ

ደቡብ ኮሪያ ውስጥ እናቷን የምታስታምም ሴት ልጅ ደመወዝ ሊከፈላት ይችላል። ደመወዙ ግን ሰዓት አለው። በእናትየዋ ቤት አንዲት ትንሽ ኤሌክትሮኒክ መለያ ተለጥፋለች። ልጅቷ ስልኳን ወደ መለያዋ ታስጠጋና ሥራ መጀመሯን ታስመዘግባለች። እናቷን ታጥባለች፣ ልብስ ትቀይርላታለች፣ የሩዝ ገንፎ ታበላታለች። 60 ደቂቃ ሲሞላ ስልኳን እንደገና ታስጠጋለች። መንግሥት የሚያውቀው ሥራ እዚህ ላይ አለቀ። የቀረው 23 ሰዓት የልጅነት ግዴታ ነው።

ይህ ጽሑፍ የዚያችን ሰዓት ጉዳይ ይዞ ይሄዳል። ከየት መጣች? ለምን አንድ ብቻ ሆነች? ማንን ጠቀመች፣ ማንንስ አሰረች? የኮሪያ ሕግ ባለፉት አሥርት ዓመታት ለሴት ልጅ ብዙ መብት ሰጥቷታል። ከመብቱ ጋር ግን ማንም በግልጽ ሳይነግራት የጧሪነቱ ሥራም ቤቷ ገባ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሥራው ከምራት ወደ ሴት ልጅ እንዴት ዞረ?

በቀድሞው ልማድ ወላጅ የሚጦረው የበኩር ወንድ ልጅ ነበር። ይህ በስም ነው። በተግባር አማቷን የምታጥበው፣ የምታበላው፣ ሌሊት የምትነሳላት ምራቲቱ ነበረች። ባልየው ቤቱን ይወርሳል፣ የአያት ቅድመ አያት መታሰቢያ ሥርዓቱን ይመራል። ሚስቱ ጓዳውን ትይዛለች። የገዛ እናቷ ስትታመም ደግሞ የምታስታምማት የወንድሟ ሚስት ናት። «ያገባች ሴት ልጅ ባዕድ ናት» ይባል ነበር። እናቷን መናፈቅ፣ በዓል ሲያልፍ ሄዳ መጠየቅ ትችላለች። ወስዳ መጦር ግን ወግ አልነበረም።

ሕጉም ይህንኑ ያጸና ነበር። በ1960 ሥራ ላይ የዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የወንድሟን ግማሽ ያወርሳታል። ካገባች ሩብ ብቻ። በ1977 የወጣው ማሻሻያ ያላገባችውን ከወንድሟ እኩል አደረጋት፤ ያገባችው በሩቧ ቀረች። ሁሉም ሴት ልጆች እኩል የሚወርሱበት ሕግ የጸናው ከጃንዋሪ 1991 ጀምሮ ነው። ወንድን የቤት አለቃ አድርጎ የሚያስመዘግበው የሆጁ ሥርዓት ደግሞ በ2005 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተነቀፈ፣ በጃንዋሪ 2008 ከነጭራሹ ቀረ። በዚያው በ2005 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴቶችም የጎሣ ማኅበራቸው አባል ናቸው ብሎ ፈረደ። በሜይ 2023 ደግሞ፣ ቤተሰቡ ካልተስማማ፣ መታሰቢያውን የሚመራው በዕድሜ ትልቁ ልጅ ነው፣ ወንድም ይሁን ሴት አለ። ይህ ሁሉ እንዲሁ የተገኘ አይደለም። የአገሪቱ የመጀመሪያዋ ሴት ጠበቃ ሊ ታይዮንግ በ1956 የሴቶች የሕግ ምክር ማዕከል ከከፈቱ ጀምሮ ብዙ ሴቶች ዕድሜያቸውን የሰጡለት ትግል ነው።

ወንድ ልጅ ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር ለማወቅ የ1990ን የልደት መዝገብ ማየት ይበቃል። በዚያ ዓመት ለ100 ሴት ሕፃናት 116.5 ወንዶች ተወለዱ። በተፈጥሮ ቢሆን ቁጥሩ 105 አካባቢ ነው። ልዩነቱ በአልትራሳውንድ ታይተው ሳይወለዱ የቀሩ ሴቶች ናቸው። ሐኪም የፅንስን ፆታ እንዳይናገር በ1987 ተከልክሎ ነበር። ክልከላው በፌብሯሪ 2024 የተሻረው ወንድ የመምረጡ ልማድ ደክሟል ተብሎ ነው። እውነትም ዛሬ ብዙ ኮሪያውያን ሴት ልጅ ብንወልድ እንመርጣለን ይላሉ። ለምን ሲባሉ ከሚሰጧቸው መልሶች አንዱ ግን ልብ ይነካል። በእርጅና የምትደርስልህ ሴት ልጅ ናት ይላሉ።

አስተሳሰቡ በፍጥነት ተለውጧል። በ1998 በመንግሥት ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች 90 በመቶ የሚጠጉት ወላጅ መጦር የቤተሰብ ሥራ ነው ብለው ነበር። በ2018 እንዲህ ያሉት ወደ 27 በመቶ ወረዱ። ምራቶች ሥራ ያዙ። ከአማት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ቀረ። «የወለደችህን ራስህ ጡር» ማለት ተጀመረ። ተገቢም ነው። ባልየው ግን ከቢሮ የሚወጣው አምሽቶ ነው። ዳይፐር መቀየርም አልለመደም። ስለዚህ ስልኩን አንስቶ እኅቱ ጋ ይደውላል። ሸክሙ ከምራት ወርዶ ወንድ ልጅ ላይ ማረፍ ሲገባው እሱን አልፎ እኅቱ ላይ ያረፈው በዚህ መንገድ ነው። ከእኅቶች መካከል ደግሞ ያላገባችው ትመረጣለች። «አንቺ ባል የለሽ፣ ልጅ የለሽ» ይሏታል። የራሷ ሕይወት፣ የራሷ እርጅና እንዳላት የሚያስታውስላት የለም።

እናቶቹ

ዛሬ የሚጦሩት እናቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተወለዱ ናቸው። የእኛ የቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ቡሳን ወደብ ሲደርስ ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹ ሕፃናት፣ አንዳንዶቹም ኮረዶች ነበሩ። ከጦርነቱ ፍርስራሽ ላይ ተነስተው ቤት የሠሩ ሰዎች ናቸው። ያላቸውን ሁሉ ልጆቻቸውን ማስተማሪያ አደረጉት፣ በተለይ ወንዶቹን። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በሴኡል የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች እየሠሩ ለወንድሞቻቸው የትምህርት ቤት ክፍያ ይልኩ የነበሩ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። እነሱም ዛሬ አርጅተዋል።

ጡረታ የላቸውም፤ ካላቸውም ትንሽ ነው። ብሔራዊ የጡረታ ሥርዓቱ የተጀመረው በ1988 ነው፤ ለከተማ ነዋሪ በሙሉ የተዳረሰው ደግሞ በ1999። ለእነሱ ዘግይቷል። በ2014 የተጀመረው መሠረታዊ ጡረታ በ2024 በወር ቢበዛ 334,810 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ነበር። ለቤት ኪራይ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ነው ከኮሪያ አረጋውያን ወደ 40 በመቶ የሚሆኑት በአንጻራዊ ድህነት የሚኖሩት። ከበለጸጉት አገሮች ሁሉ ይህን ያህል የድሃ አረጋዊ ድርሻ ያለው የለም። ዕድሜ ግን አላቸው። የአንዲት ኮሪያዊት አማካይ የመኖር ዕድሜ ከ86 ዓመት አልፏል። ዲሴምበር 2024 ላይ 65 ዓመት የሞላቸው ከሕዝቡ 20 በመቶ ደረሱ፤ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው። በ2017 ገና 14 በመቶ ነበሩ።

የግምገማዋ ቀን

የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድኅን በጁላይ 2008 ተጀመረ። ሠራተኛ ሁሉ ከጤና መድኅኑ ጋር አብሮ መዋጮ ይከፍላል። 65 ዓመት የሞላው ሰው፣ ወይም ከዚያ በታች ሆኖ እንደ መርሳት በሽታና ስትሮክ ያለ የእርጅና ሕመም ያለበት፣ ራሱን መርዳት ካቃተው ማመልከት ይችላል። አገልግሎቱ ቤት ውስጥ ከሆነ ቤተሰቡ 15 በመቶ ይከፍላል፣ መጦሪያ ተቋም ከሆነ 20 በመቶ። በጣም ድሃ ከሆነ በነፃ ነው። በሕዝብ መዋጮ የቆመ ትልቅ ሥራ ነው፤ ይህን ማቃለል አይገባም።

ማመልከቻው ከገባ በኋላ የጤና መድኅን ድርጅቱ ሠራተኛ ቤት ድረስ ትመጣለች። «እማማ፣ ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ? ፊትዎን ይታጠባሉ? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» እያለች ቅጽ ትሞላለች። ነጥብ የሚሰጥባቸው 52 ነገሮች አሉ። የሐኪም ማስረጃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ ኮሚቴ ደረጃ ይሰጣል። 95 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ አንደኛ ደረጃ ነው፤ ይህ ከአልጋ የማይነሳው ነው። ለአራተኛ ደረጃ ቢያንስ 51 ያስፈልጋል። ከዚያ በታች የሆነ የመርሳት በሽታ ከሌለበት በስተቀር ዋናዎቹን አገልግሎቶች አያገኝም።

ሴት ልጆቹ ስለዚህች ቀን የሚያወሩት ተመሳሳይ ነው። ትናንት ማታ ልጇን «አንቺ ማነሽ?» ስትል ያመሸች እናት እንግዳ ሲመጣ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ፀጉሯን በእጇ ታስተካክላለች። «እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ሁሉን ራሴ ነው የምሠራው» ትላለች። እጅዎን ያንሱ ስትባል ታነሳለች። ስሟን፣ የተወለደችበትን መንደር ጥርት አድርጋ ትናገራለች። ልጅቷ ከጎን ቁጭ ብላ ምን ትበል? እናቷ ፊት «ኧረ ሽንት ቤት እንኳ ብቻዋን አትችልም» ማለት እናትን ማዋረድ ነው። ዝም ካለች ደግሞ ነጥቡ ይወርዳል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሠራተኛዋን በር ድረስ ሲሸኙ ነው እውነቱን የሚነግሯት። የሌሊቱን በስልክ ቀርፀው የሚያሳዩም አሉ። መከበር የለመደች ሴት እንግዳ ፊት ደካማ መምሰል አትፈልግም፤ መድኅኑ ደግሞ ደካማነቷን ካላየ አይከፍልም። ይህን ክፍተት የምትሞላው ልጅቷ ናት፣ የእናቷን ክብር በአንድ በኩል፣ አገልግሎቱን በሌላ በኩል ይዛ።

60 ደቂቃ

ደረጃው ከተሰጠ በኋላ ቤተሰቡ ሙያተኛ አስታማሚ ማስመጣት ይችላል። ወይም ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሠልጥኖ ራሱ ሊሠራው ይችላል። ጉዳያችን ይህ ሁለተኛው ነው።

ልጅቷ መጀመሪያ ማሠልጠኛ ትገባለች። ትምህርቱ ለረጅም ጊዜ 240 ሰዓት ነበር፤ በ2024 ወደ 320 ሰዓት አድጓል። በሽተኛ እንዴት እንደሚገለበጥ፣ አፍ እንዴት እንደሚጸዳ፣ ሰው ሳይታነቅ እንዴት እንደሚበላ ትማራለች። ተቋም ሄዳ ትለማመዳለች። ከዚያ ብሔራዊ ፈተና አለ። ክፍሉ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጡት በአብዛኛው በ50ዎቹና በ60ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሴቶች ናቸው። ይህን ሰርተፊኬት የያዙ ሰዎች በአገሪቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ናቸው፤ በሥራው ላይ ያሉት ግን ከዚያ በጣም ያነሱ ናቸው። ክፍያውና ድካሙ ስለማይመጣጠን ነው። ለወላጁ ሲል ብቻ የያዘውም አለ።

ሰርተፊኬቱን ይዛ ከአንድ የእንክብካቤ ማዕከል ጋር ትፈራረማለች። አሠሪዋ ማዕከሉ ነው፣ ደንበኛዋ እናቷ። በቀን 60 ደቂቃ፣ በወር ቢበዛ 20 ቀን ይታሰብላታል። የሠራችውን በቅጽ ትመዘግባለች፤ የማዕከሉ ሶሻል ወርከር እየመጣች ታያለች። ለየት ላለ ሁኔታ 90 ደቂቃ ይፈቀዳል፣ ያኔ የ20 ቀኑ ገደብም ይነሳል። አስታማሚው 65 ዓመት የሞላው የትዳር ጓደኛ ከሆነ፣ ወይም በሽተኛዋ የመርሳት በሽታዋ እንደ ድብደባና ከባድ ጥርጣሬ ያለ ጠባይ ካስከተለባት ማለት ነው። ሌላ ቦታ በወር 160 ሰዓትና ከዚያ በላይ የምትሠራ ሴት ግን አይፈቀድላትም።

ገንዘቡ ስንት ነው? ማዕከሉ እንደሚይዘው ድርሻ ይለያያል፤ በአብዛኛው በወር 400,000 ዎን አካባቢ ነው። በ2024 የሙሉ ሰዓት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 2,060,740 ዎን ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ቤተሰቡ 15 በመቶ ድርሻ አለበት ብያለሁ። እናትየዋ ገቢ ከሌላት ያንን የምትከፍለው ማን ናት? ልጅቷ ናት። ከራሷ ደመወዝ ላይ ለራሷ አገልግሎት ትከፍላለች።

ከገንዘቡ ይልቅ እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። በኮሪያ የሥራ ሕግ በሳምንት ከ15 ሰዓት በታች የሚሠራ ሰው የዓመት ዕረፍትም፣ የስንብት ክፍያም የለውም። በወር ከ60 ሰዓት በታች ከሆነ ደግሞ እንደ ሌላ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ጡረታ ውስጥ አይገባም። ልጅቷ በመዝገብ የምትሠራው በወር 20 ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌት ተቀን እየሠራች በሕግ ፊት ሥራ ያላት አትመስልም። ጡረታ የሌላትን እናት የምትጦረው ልጅ ራሷም ያለ ጡረታ ታረጃለች።

ሰዓቷ መጀመሪያ ላይ እንዲህ አጭር አልነበረችም። ቀደም ሲል ረዘም ላለ ጊዜ ይከፈል ነበር፤ በ2011 ነው ወደ 60 ደቂቃ የተቆረጠው። የመንግሥት ምክንያት ሁለት ነበር። ወጪው እያሻቀበ ሄደ። ያልተሠራ ሥራ እየተመዘገበ እንዳይከፈልም ተሰጋ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ልጅ እናቷን በእርግጥ ማጠቧን ማን ያያል ተባለ። ከነዚህ ጀርባ ደግሞ ሦስተኛ ሐሳብ አለ፦ እናትን መጦር የልጅ ግዴታ ስለሆነ ለምን ይከፈልበታል?

ስጋቱ ባዶ አይደለም። ማጭበርበር ባለበት ቁጥጥር ይጠብቃል እንጂ የሚሠራው ሰው ሰዓት አይቆረጥም ነው የምለው። ያው ሥራ በሌላ ሴት እጅ ሲሠራ ሙሉ ሥራ ነው፤ የምትከፈለውም ለሦስት ሰዓት ሊሆን ይችላል። በልጅ እጅ ሲሠራ አንድ ሰዓት ይሆናል። የታጠበችው እናት ግን ያችው ናት፣ ክብደቷም ያው ነው። እንዲያም ሆኖ ይህች ሰዓት ትቅር ከሚሉት ጋር አልስማማም። ልጅቷን ሥልጠና ሰጥታታለች። ወር በወር «እርስዎስ ወገብዎ እንዴት ነው?» የሚል የውጭ ሰው ወደ ቤት አስገብታለች። ከሁሉ በላይ፣ የሴት ልጅ ድካም በመንግሥት መዝገብ ላይ ሥራ ተብሎ እንዲጻፍ አድርጋለች። ከምንም ተነስቶ እዚህ መድረስ ቀላል አይደለም።

አንድ ቤት

ደንቡ ቤት ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ቤተሰብ እናስብ። የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም፤ ብዙ ቤት ያለውን ባንድ ላይ ለማሳየት ነው። እናት 84 ዓመቷ ነው፣ ዴጉ ከተማ ባረጀ አፓርታማ ትኖራለች። የመርሳት በሽታ አለባት። ትልቁ ወንድ ልጅ ሴኡል ነው፤ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። የመጨረሻዋ ሴት ልጅ 56 ዓመቷ ነው፣ አላገባችም፣ የሒሳብ ሥራዋን ትታ እናቷ ቤት ገብታለች።

እናትየዋ ገና ሳይነጋ ትነሳለች። «ቤቴ ልሂድ» ትላለች። ቤቷ ግን ይኸው ነው። ልጅቷ አትከራከራትም። «እሺ እማዬ፣ ቁርስ በልተን እንሄዳለን» ትላታለች። ኪምቺውን በወጥ ቤት መቀስ አድቅቃ ትቆርጠዋለች፣ ጥርስ የሌለው አፍ እንዲችለው። ገንፎውን በማንኪያ እየነፋች ትሰጣታለች። አንዳንድ ቀን እናትየዋ ማንኪያውን ትገፋና «ምን ጨምረሽበታል?» ትላለች። ሌላ ቀን ደግሞ ግማሹን ገንፎ ወደ ልጇ ትመልሳለች፦ «አንቺ አልበላሽም፣ ብይ።» ልጇ መሆኗን ረስታም ማብላቱን አልረሳችም።

ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የቀን መዋያ ማዕከሉ ሚኒባስ ከሕንፃው ሥር ይቆማል። ኮሪያውያን እነዚህን ማዕከላት የአረጋውያን መዋዕለ ሕፃናት ይሏቸዋል። ሠራተኛዋ ወርዳ እጅ ነስታ «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ብላ ደግፋ ታስገባታለች። እዚያ ምሳ አለ፣ ዘፈን አለ፣ የጣት ሥራ አለ፣ መታጠቢያ አለ። ማታ ትመለሳለች። መድኅኑ ለየደረጃው በወሰነው የወር ጣሪያ ውስጥ ይህንና የቤተሰቡን ሰዓት ማጣመር ይቻላል። ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው አገልግሎት ይህ ሚኒባስ ነው። ለልጅቷ የሚሰጣት ሙሉ ቀን ነው። ሐኪም ቤት ትሄዳለች፣ የግማሽ ቀን ሥራ ትፈልጋለች፣ ትተኛለች። እናትየዋም ከአንድ ፊት ሌላ ታያለች። ችግሩ መጀመሪያ ላይ ብዙ እናቶች አልሄድም ይላሉ። ሊጥሉኝ ነው ብለው ይፈራሉ። ያረጀ ወላጅን ተራራ ላይ ወስዶ ስለመተው የሚወራ የድሮ ተረት አላቸው፤ ወደ መጦሪያ መሄድ የዚያ ዘመናዊ መልክ ነው የሚል አነጋገር ዛሬም አለ። ልጅቷን ከውስጥ የሚበላት ይኸው አነጋገር ነው።

እናትየዋ ወድቃ ዳሌዋ ቢሰበር ደግሞ ሌላ ፈተና ይመጣል። ለረጅም ጊዜ የሚተኛበት ሆስፒታል የአልጋና የሕክምናውን የጤና መድኅኑ ይሸፍናል። አጠገቧ ሆኖ የሚያገላብጣትን፣ የሚያበላትን ሰው ግን ቤተሰቡ ራሱ ይቀጥራል። ከቻይና የመጡ ኮሪያውያን ሴቶች በዚህ ሥራ ብዙ ናቸው። የኮሪያ ማዕከላዊ ባንክ በማርች 2024 ባወጣው ጥናት እንዲህ ያለ የግል አስታማሚ ማቆም በ2023 በወር በአማካይ 3.7 ሚሊዮን ዎን ይፈጅ ነበር። በ40ዎቹና በ50ዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ካላቸው የቤተሰብ መካከለኛ ገቢ ከ60 በመቶ በላይ ማለት ነው። ቁጥሩን ስታዩ ልጅቷ ለምን ሥራ እንደምትለቅ ይገባችኋል። የእሷ ደመወዝ ከዚህ ያንሳላ!

የሥራ ሕጉ ለቤተሰብ ማስታመሚያ በዓመት እስከ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። አሠሪው ክፍያ የመክፈል ግዴታ ግን የለበትም። የመርሳት በሽታ ደግሞ በ90 ቀን አያልቅም።

ወንድምየውና ውርሱ

ወንድምየው ክፉ ሰው አይደለም። በየሳምንቱ ይደውላል። «አንቺ ባትኖሪ ምን እንሆን ነበር» ይላል። በየወሩ ገንዘብ ይልካል። በቾሶክ በዓል ሥጋ ይዞ ይመጣል፣ አንድ ቀን ያድራል። እናትየዋ ያን ቀን ፈክታ ትውላለች። «ልጄ መጣ» ትላለች። በየቀኑ የምታጥባት ልጅ ይህን ስታይ ምን እንደሚሰማት ለማንም አታወራም፤ ልታፍርበት የማይገባ ስሜት ነው።

እናትየዋ ስትሞት አፓርታማው ይቀራል። ሕጉ እኩል ነው የሚያካፍለው፤ ያ የ1991 ድል ነው። እኩልነቱ ግን አሥር ዓመት ያስታመመችውንና በበዓል የመጣውን እኩል ያደርጋቸዋል። በሕጉ ላይ ለየት ያለ አስተዋጽኦ ላደረገ ወራሽ ጭማሪ የሚሰጥ አንቀጽ አለ፤ በ2005 ሲሻሻል ወላጅን አብሮ እየኖሩ መጦርን በስም ጠቅሷል። ለማግኘት ግን ድካሙ ከተራ የልጅነት ግዴታ የበለጠ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። ልጅ ለእናቷ የምታደርገው ምን ያህል ሲሆን ነው ከተራው የሚያልፈው? ዳኛ ፊት ቆማ የዳይፐር ደረሰኝ ልትቆጥር ነው?

ፍርድ ቤቶቹ ግን ቆመው አልቀሩም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዲሴምበር 2015፣ ወላጆቹን ሊጦር ተፈራርሞ ቤት የተቀበለ ወንድ ልጅ ቃሉን ስላልጠበቀ ቤቱን ይመልስ ብሎ ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የመጦር ውል ማስፈረም ብዙ ሰው የሚያወራው ነገር ሆነ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ፣ ወላጅ ሀብቱን ለአንዱ ቢሰጥም ለሌሎቹ ወራሾች የሚጠበቀውን ዝቅተኛ ድርሻ መረመረ። ለሴት ልጆች መከላከያ እንዲሆን በ1977 የገባ ደንብ ነው። ወላጁን የተወም ሰው ድርሻውን መጠየቁ፣ ለረጅም ዘመን የጦረ ሰው ድካምም አለመታሰቡ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም አለ። እናቷ በሕይወት ሳለች ለድካሟ ብላ ቤቱን የሰጠቻት ልጅ ከወንድሞቿ ክስ የምትጠለልበት ነገር አገኘች ማለት ነው።

የማይቆጠረው ጊዜ

ኮሪያ ብዙ ነገር እየሞከረች ነው። በየአካባቢው 256 የመርሳት በሽታ ማዕከላት ተከፍተዋል። በፌብሯሪ 2024 የጸደቀና ከማርች 2026 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ ደግሞ ሕክምናና እንክብካቤ በአንድ ተቀናጅቶ ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲያገኘው የአካባቢ መስተዳድሮችን ያስገድዳል። በደንብ ከተሠራበት በሦስት መሥሪያ ቤት መመላለስ በአንድ ያልቃል። ለልጅቷ ትልቅ ዕረፍት ነው።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት እንዲስተካከል የምመኘው ጡረታውን ነው። መንገዱ አዲስ አይደለም። የኮሪያ ብሔራዊ ጡረታ፣ ሰው መዋጮ ያልከፈለበትን ጊዜ እንደከፈለ አድርጎ የሚቆጥርበት ደንብ አለው። ልጅ ለወለደ ይቆጠርለታል፤ በ2025 በጸደቀው ማሻሻያ ከ2026 ጀምሮ ከመጀመሪያው ልጅ አንስቶ 12 ወር ይታሰባል። ለብሔራዊ ውትድርና ይቆጠራል፤ 6 ወር የነበረው በዚያው ማሻሻያ እስከ 12 ወር ከፍ ብሏል። ሥራ አጥ ሆኖ ሥራ ለሚፈልግም ከ2016 ጀምሮ ይቆጠራል። ወላጅን ለሚያስታምም ሰው የሚቆጠር ወር ግን በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። መዝገቡ ግን ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እያንዳንዷ ሴት ልጅ ስልኳን ወደ መለያዋ ባስጠጋች ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ የሚገባው ጡረታውንም የሚያስተዳድረው መንግሥት እጅ ነው።